መነጽሩን ከመጋዘን አውጡት!

«ኮከብህ ምንድን ነው?» ብላችሁ በዚህ ግቢ ውስጥ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። «ዐቅራብ ነኝ»፣ «አሰድ ነኝ»፣ «ሚዛን ነኝ» ብሎ ሳያመነታ ይመልስላችኋል። ጠባዩን ይዘረዝርላችኋል፤ ከየትኛዋ ኮከብ ሴት ጋር እንደሚስማማና ከየትኛዋ ጋር እንደሚጣላም ይጨምርላችኋል። እንግዲያው ክንዱን ይዛችሁ ከዶርም ወደ ደጅ አውጡትና «በል እስቲ ዐቅራብን አሳየኝ» በሉት። ቀና ይላል፤ ያንጋጥጣል፤ ይስቃል፤ «ኧረ ተወኝ፣ ይበርዳል» ብሎ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሰው የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሊሆን ይችላል። የከዋክብትን ሙቀት በቀመር አስልቶ «ኤ» ያገኘ ሊሆን ይችላል። ዐቅራብን ግን አይቶ አያውቅም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ዐቅራብ በሰማይ ላይ ስማቸውን ከሚመስሉት ጥቂቶች አንዱ መሆኑ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትመልሱ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጅራቱን ቆልምሞ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ፍም የመሰለ ኮከብ ይዞ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ፍሙ አንታሬስ ይባላል። ከጅራቱ ጫፍ አጠገብ ደብዘዝ ያለች ብጣሽ ደመና የምትመስል ነገር አለች። ተራ ባይኖኩላር ስታነጣጥሩባት ደመናዋ ትፈርስና ብዙ ከዋክብት ሆና ትበተናለች። የእስክንድርያው ቶለሚ ከ1800 ዓመት በፊት ያለ ምንም መነጽር አይቶ መዝግቧታል። እኛስ?

ይህን የምጽፈው ለማባበል አይደለም፤ ለመጣላት ነው። በዚህ ግቢ «ከዋክብት የምናይበት ክበብ እናቋቁም» የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ከካፌው ጠረጴዛ የሚወረወር መልስ አለ፦ «ሕዝብ ዳቦ ባጣበት አገር ኮከብ ማየት ቅንጦት ነው።» አባባሉ ሲሰሙት ከሕዝብ ጎን የቆመ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ሕዝቡን የሚንቅ ሆኖ ይገኛል። ለመሆኑ በዚህ አገር ሰማይ ሲያይ የኖረው ማን ነው? ባለ መኪናው ነው ወይስ ከብት ጠባቂው? አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፉ እንዳስረዳን የቦረና የዘመን አቆጣጠር ጨረቃን ከታወቁ ከዋክብት ጋር እያዛመደ የሚሄድ ነው፤ ለቀኖቹም 27 ስሞች አሉት። ቡሳን ብለው የሚጠሯቸው ፕሌያዲስ የምንላቸው እፍኝ ከዋክብት ናቸው፤ ባሳ የሚሉት ደግሞ ሲርየስ ነው። ይህን የሚያውቁት አያንቱዎች ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ የራበው ሆድም ሆነ የደረቀ ኤላ ለእነርሱ ከመጽሐፍ የተነበበ ወሬ አይደለም።

ወደ ኦሞም ውረዱ። ሙርሲዎች በደቡብ መስቀልና በአካባቢው ያሉ ከዋክብት ወደ ምዕራብ የሚጠልቁበትን ጊዜ ከኦሞ ወንዝ ሙላት ጋር ያያይዙት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ነበርና የሚዘሩት፣ ነገሩ የእህል ጉዳይ ነበር። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ እኔን ደስ ያሰኘኝ ሌላው ነገር ሙርሲዎች «አሁን ስንተኛው ወር ነው?» በሚለው ላይ በግልጽ መከራከራቸው ነው። አንዱ አምስተኛው ነው ይል ነበር፤ ሌላው የለም ስድስተኛው ነው ይል ነበር፤ ኋላ ላይ ወንዙና ኮከቡ ያስማሟቸው ነበር። ከዚህ የተሻለ የላብ ትምህርት የት አለ? የቆሎ ተማሪውንም አንርሳ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ አበቅቴውን ይዞ፣ በጣቱ ቆጥሮ፣ ጨረቃ ዛሬ ስንተኛ ሌሊቷ እንደሆነ ይነግራችኋል። እኛ ዘመናዊዎቹ ጨረቃ መኖሯን የምናውቀው መብራት ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቅንጦት የምትለውን ቃል ሌላ ቦታ ፈልግላት። ደኅና ባይኖኩላር የሚሸጠው አብዛኞቻችን ኪሳችን ውስጥ ከያዝነው ስልክ ባነሰ ዋጋ ነው። አንድ ዶርም አዋጥቶ ሊገዛው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልግባ። እኔ በተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን) በስጦታ የመጣ ባለ 60 ሚሊሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ ነበር። እንደመጣ ከነሣጥኑ ተመዘገበ፤ የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም ቱቦው ላይ ተጻፈበት፤ ከዚያ ተቆለፈበት። ሁለት ዓመት እዚያ ስማር አንድም ሌሊት ደጅ አላደረም። እንግዳ ሲመጣ ግን ይወጣል፤ በቀን፣ አዳራሽ ውስጥ፣ አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ የሌንሱ ክዳን እንኳ አይነሣም። እንግዶቹ «በጣም ጥሩ» ብለው ያልፋሉ። እኛ ስንጠይቅ «ቢሰበርስ? ማን ይጠየቃል?» ነው መልሱ። አንድ ጊዜ ቆርጠን ስንነሣ «መምህር ፈርሞ ያውጣ» ተባለ። መምህሩ ማታ አይኖርም፤ ቀን ደግሞ ኮከብ የለም።

እስቲ ልብ በሉ፣ ይህን ነገር የሚሠራው ክፉ ሰው አይደለም። ንብረት እንዲጠብቅ የተቀጠረ፣ ከጎደለ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ነው። ጥፋቱ ዕቃን ከዕውቀት አስበልጦ በሚመዘግበው አሠራር ላይ ነው። ያም ሆኖ ጥበቃው ራሱ ሐሰት ነው። ሌንስ በክረምት እርጥበት፣ አየር በማይገባው ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው መስተዋቱን እንደ ሸረሪት ድር እያደራ ይበላዋል። አየር የሚያገኝ፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ የሚጠረግ፣ በየጊዜው የሚወጣ የሚገባ መነጽር የተሻለ ዕድሜ አለው። ቁልፉን የያዙት ሰዎች የሚጠብቁትን ዕቃ እያስበሉት ነው ማለት ነው።

ደግሞስ 60 ሚሊሜትር ምን ያሳያል ትሉኝ ይሆናል። ጋሊሌዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየበት መሣሪያ 20 ጊዜ ያህል የሚያጎላ ነበር፤ በጥራትም ዛሬ ካለ ደኅና ባይኖኩላር አይስተካከልም። እናንተም 10×50 ባይኖኩላር ይዛችሁ ክንዳችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ጁፒተርን ብታዩ እነዚያኑ ጨረቃዎች በአንድ መሥመር የተሰካኩ ነጠብጣቦች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በየሌሊቱ ደብተራችሁ ላይ ሣሏቸው፤ አንድ ክብ፣ አራት ነጥብ፣ ቀን፣ ሰዓት። ለአንድ ወር ሣሉ። አዮ በ1.77 ቀን፣ ዩሮፓ በ3.55፣ ጋኒሜድ በ7.15፣ ካሊስቶ በ16.7 ቀን እንደሚዞሩ ከራሳችሁ ሥዕል ይወጣል፤ በትክክል ባይሆን እንኳ ቀረብ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ርቀታቸውን በጁፒተር ስፋት ለኩና የዑደታቸውን ካሬ ከርቀታቸው ኪዩብ ጋር አስተያዩ። ኬፕለር በ1619 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ፣ ያ ለፈተና ሸምድደን በማግሥቱ የረሳነው ሕግ፣ ዶርም በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ኦሌ ሮመር የአዮን መሠወር ሲከታተል ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚወስድበት በ1676 እ.ኤ.አ. የደረሰበት በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ግን «የብርሃን ፍጥነት ስንት ነው?» ስንባል ቁጥሩን እንወረውራለን፤ «እንዴት ታወቀ?» ስንባል ጣራ እናያለን። ወይ ጣራውን አልፈን ሰማዩን ባየን!

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተከራካሪ ስልኩን አውጥቶ ይነሣል። «የጄምስ ዌብ ፎቶ እዚህ አለልህ፤ ባለ 6.5 ሜትር መስተዋት ነው፤ ያንተ ባይኖኩላር ምን ይጨምራል?» እውነት ነው፣ በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. የወጡትን እነዚያን ሥዕሎች ያየ ሁሉ አፉን ከፍቷል፤ እኔም ከፍቻለሁ። ነገር ግን ፎቶው የሌላ ሰው ድካም ውጤት ነው፤ አንተ ለእርሱ ተመልካች እንጂ ምስክር አይደለህም። በጥቅምትና በኅዳር ማታ አንድሮሜዳን በባይኖኩላር ስታይ የምታገኘው ሞላላ ጭጋግ ነው። በፎቶው አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል። ሆኖም ያ ጭጋግ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ ብርሃን ራሱ ነው፤ መጥቶ ያረፈውም ያንተ ዓይን ላይ ነው።

እሺ፣ ስሜቱን እንተወው፤ በጥቅም እንከራከር። በ2012 ዓ.ም. በጋ በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጅዩስ እየደበዘዘ ሄደ። የካቲት ላይ በብርሃኑ ከጎረቤቱ ከቤላትሪክስ ጋር እኩል ሊሆን ደረሰ፤ ድሮ እጅግ የሚበልጠው ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች ከኮከቡ የተተፋ ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ እንደጋረደው ገለጹ። ይህን ለማየት ቴሌስኮፕ አላስፈለገም፤ ባይኖኩላርም አላስፈለገም። የየካቲት ሰማያችን ደግሞ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ከመካከላችን ስንቱ ቀና ብሎ አየ? ስንቱ «ዛሬ ከአልዴባራን አንሷል» ብሎ ጻፈ? ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ይህንኑ ዓይነት ማስታወሻ ከዓለም ዙሪያ ካሉ አማተሮች ይሰበስባል። ዲግሪ አይጠይቅም። ቀን፣ ሰዓት፣ የኮከቡ ስም፣ የብርሃኑ ግምት፤ ይኸው ነው።

ጆርጅ አልኮክ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብትን አቀማመጥ በቃሉ አጥንቶ፣ በመካከላቸው እንግዳ ሲገባ እንደ ክፍሉ ተማሪዎች ለይቶ ያውቅ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ጅራታም ኮከብ ያገኘው 15×80 ባይኖኩላር ይዞ፣ ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ በተዘጋ መስኮት በኩል እያየ ነው። ያችው ጅራታም ኮከብ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከምድር 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትርቅ አለፈች። አገኟት ከተባሉት መካከል አንዱ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ነበር፤ መምህሩም ከሳተላይቱ እኩል ስሙ ተጻፈ።

ሌላው ጆን ዶብሰን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የቬዳንታ ገዳም የሚኖር መነኩሴ ሆኖ ሳለ ከመርከብ መስኮት የተገኘ ወፍራም መስተዋት በእጁ እየፈጨ፣ ቱቦውን ከካርቶን፣ መቆሚያውን ከጣውላ እየሠራ ቴሌስኮፕ ያወጣ ጀመር። በ1967 እ.ኤ.አ. ከገዳሙ አስወጡት። እርሱ ግን የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አላፊ አግዳሚውን «ና ሳተርንን እይ፣ ገንዘብ አያስከፍልም» እያለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣት ጓደኞቹ ጋር የእግረኛ መንገድ የከዋክብት ተመልካቾች ማኅበርን መሠረተ። የፈለሰፈውን የመቆሚያ አሠራር የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሙ «ዶብሶኒያን» እየተባለ ይሠራበታል። የእኛ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ልጆች አናጢ ቤት ቁጭ ብለው ይህን መሥራት ያቅታቸዋል? ጣውላ የለም? ቱቦ የለም? መስተዋቱ ብቻ ከውጭ ይምጣ፤ እርሱንም ፈጭቶ መሥራት ይቻላል፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

«እንጦጦ አለን አይደል?» የሚልም አለ። አለን። ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች በ2007 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እሰየው። ግን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ስላለ የኪስ መጽሐፍ አያስፈልገኝም የሚል አንባቢ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

በራሳችን ወገን ያሉትንም ሳልነካ አላልፍም። ቴሌስኮፕ ገዝተው ጣውላ ቤት እንደተቀመጠ ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ የሚያቆሙ አሉ። ሣጥኑ ላይ «675 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ አይተው የተታለሉም አሉ። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የአንድ ቴሌስኮፕ የሚጠቅም ማጉላት በደኅና ሌሊት የሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ተቆጥሮ ሁለት እጥፉ ቢሆን ነው፤ ለ60 ሚሊሜትር 120 ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ትልቅ ጭጋግ ነው። የሳተርን ቀለበት እኮ በ30 እና በ40 ይታያል! ስለዚህ ጀማሪ ሆይ፣ ገንዘብህን ባይኖኩላር ላይ አውለው። 7×50 ወይም 10×50 ተብሎ ቢጻፍበት የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ነው። በጨለማ የሰው የዓይን ብሌን 7 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል፤ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚያ 50 ጊዜ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። 20 ጊዜ የሚያጎላ ግን በእጅ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል፤ ሻጩ ይህን አይነግርህም።

የምንማርባቸው መጻሕፍትም የሌላ አገር ሰማይ ናቸው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ተወርዋሪ ከዋክብት ተመልከት ይላሉ፤ እኛ ነሐሴ ላይ የምንመለከተው የዝናብ ደመና ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ ብላ መኻል ሰማይ አጠገብ እንደምትቆም አድርገው ይሥላሉ፤ ከአዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍታዋ፤ እንጦጦ ሊውጣት ምንም አልቀራት። በአንጻሩ እነርሱ አገራቸው ሆነው የማያዩትን የደቡብ መስቀል እኛ በግንቦት ማታ ከደቡብ አድማስ በላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ከእርሱ ከፍ ብሎ ኦሜጋ ሴንታውሪ አለ፤ በባይኖኩላር የጥጥ ፍሬ ይመስላል፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚገመቱ ከዋክብት የታጨቁበት ክምችት ነው። ከዋልታ እስከ መስቀል በአንድ ሌሊት ማየት የሚቻልበት አገር ላይ ቁጭ ብለን የለንደንን ካርታ እንገለብጣለን። የራሳችንን ካርታ ሠርተን በአማርኛ ማተም የዚህ መጽሔት ሥራ ይመስለኛል። አዘጋጆቹ ይስሙኝ።

መብራቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከአዲስ አበባ መኻል ፍኖተ ሐሊብ መታየቱ ከቀረ ቆየ። መንገድ አይብራ ያለ የለም፤ ልጃገረድ እኅቶቻችን ማታ የሚሄዱበት መንገድ ይብራ። ግን መንገድ የሚያበራ መብራት ወደ ታች ነው የሚያየው። ወደ ላይ ተተክሎ ደመና የሚያበራው ለማን ነው? በግቢያችን የመጫወቻ ሜዳ አራት ባውዛ ተጫዋች በሌለበት እስከ እኩለ ሌሊት ይነዳል። መብራት ድንገት በጠፋ ሌሊት ሁሉም ሲራገም እኔ ደረጃውን በሩጫ ወደ ጣራ እወጣለሁ፤ በዚህ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ የሌለበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ እስክትይዝ በተጋረደችበት ዕለት በራጅ ፊልምና በጥቁር መነጽር ፀሐይን ለማየት የሚሞክሩ ነበሩ። ይህ ዓይን ያጠፋል። ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ደግሞ በቅጽበት ያጠፋሉ። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ በፊት ሌንሱ ላይ ሳይገጠም ማንም ወደ ፀሐይ እንዳያነጣጥር። ብርሃኗን በቀዳዳ አሳልፎ ነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ማየት ግን ይቻላል፤ ዋጋውም አንድ መርፌና አንድ ካርቶን ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በየትምህርት ክፍሉ የተቆለፈ ቴሌስኮፕና ባይኖኩላር ካለ ይቆጠር፤ ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቁልፉ ማታ ለሚገኝ ሰው ይሰጥ፤ ተማሪ ፈርሞ ያውጣ፣ ፈርሞ ይመልስ። የሜዳው ባውዛ በሳምንት አንድ ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይጥፋ። ፊርማ እያሰባሰብን ነው፤ ወረቀቱ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ አለ።

ለሚያቅማሙት ደግሞ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ አለ። ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት በየዓመቱ የሚበዙበት ሌሊት ነው፤ ከከተማ ብርሃን ለራቀና ጨረቃ ለሌለችበት ሰው በሰዓት ከመቶ በላይ ሊታዩ ይችላሉ። ለዚህ መነጽር አያስፈልግም፤ ጀርባ ላይ መተኛት ብቻ ነው። ጋቢ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ባትሪ ይያዝ፤ ስልክ ዓይን ስለሚያጨልም ከኪስ አይውጣ። ባይኖኩላር ያለው ለፕሌያዲስ ያምጣልን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚበዙት፤ ስለዚህ ለጥበቃዎቹ አስቀድመን ነግረናቸዋል፣ እነርሱም እንመጣለን ብለዋል።